መጥረቢያው ወይስ በሬው?

በአርሲ ደጋ ግንድ የጫነ መኪና ሲገለበጥ ትራፊክ ፖሊሱ ቦታው ላይ ሳይደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ ያልቃል። «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ክርስቲያኑም ይለዋል፣ ሙስሊሙም ይለዋል፤ ከሳጉሬ እስከ መራሮ ይህ ያልተባለበት የሾፌር ለቅሶ ተቀምጬ አላውቅም። እኔ ዕድሜዬን በዚህ መንገድ ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ረዳት ሆኜ ገባሁ፣ ኋላ መሪ ጨበጥኩ፤ የሙኔሳን ጥድ ወደ መሰንጠቂያ፣ የበቆጂን ባሕር ዛፍ ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ሳመላልስ ጸጉሬ ሸበተ። ያቺን ቃል ልጇን ያጣች እናት ስትላት አብሬያት አልቅሻለሁ። ሾፌር ገና ሞተር ሳያስነሳ ሲላት፣ ይልቁንም የመኪና ባለቤት ሲላት ግን ውስጤ ይቃጠላል። በዚህ ቁልቁለት ላይ የእግዚአብሔር ሥራ የቱ ነው? የእኛስ የቱ ነው? አሁን ጉልበቴ ደክሞ መሪውን ለልጆች ለቅቄያለሁና፣ በሥራው ውስጥ ሆኜ ያሰብኩትን ልናገር።

በቆጂን ሌላው አገር የሚያውቃት በሯጮቿ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች፣ እነ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከተከተሉ ወዲህ፣ በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጡትን ልጆች ለማየት ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ያ ባሕር ዛፍ ግን ለሩጫ የተተከለ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ የደጋው ገበሬ ከስንዴውና ከገብሱ ጎን የሚያሳድገው ሀብቱ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣበት፣ ልጅ ሲድር፣ ሰው ሲታመምበት ይቆርጠዋል። ነጋዴው ይገዛዋል፣ እኛ እንጭነዋለን፤ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሲሠራ ግንበኛው የሚወጣበት አጠና፣ ጭቃ ቤቱን የሚያቆመው ቋሚና ማገር ከዚህ የወረደ ነው።

በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አዳማ ስትገባ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደሃል። በክረምት ጉሙ አስፋልቱን ሲውጠው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጭነህ ስትነሳ፣ መብራት የሌለው የፈረስ ጋሪ ከፊትህ ድንገት ይበቅላል። ሯጮቹም በመንገዱ ጠርዝ ተሰልፈው ይመጣሉ። እነዚያን ልጆች ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በሜዳሊያቸው ነው፤ እኛ ሾፌሮች ግን በጉም ውስጥ በመኪና መብራት ብልጭ ብሎ በሚጠፋ የጫማ ሶል እናውቃቸዋለን። ከኢተያ ወደ ዴራ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ለየት ያለ ነው። ብርዱን ትተህ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሙቀት ስትገባ መንገዱ ሰፊ፣ እይታው ክፍት ነው። የሚያታልለውም ይኸው ነው። ኩርባ የበዛበት መንገድ ራሱ ያስፈራሃል፤ ሰፊ ቁልቁለት ግን ያስተኛሃል።

የጭነቱን ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ልጡ ሲገፈፍ ውስጡ እርጥብና የሚያሟልጭ ነው። ባልደረቀበት ሰሞን ከጫንከው ከባድ ነው፣ እርስ በርሱም አይያያዝም። ርዝመቱን ይዞ ከስፖንዳው አልፎ ወደ ኋላ ይወጣል። በሰንሰለት ወይም በካቦ ታስረዋለህ፤ ትንሽ ከተጓዝክ በኋላ ግን እየተጨናነቀ ሲቀመጥ ማሰሪያው ይላላል። ስለዚህ በበቆጂ የታሰረ ጭነት ሳጉሬ ሲደርስ ያልታሰረ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ፍሬን ድንገት ብትረግጥ መኪናው ይቆማል፣ አጠናው ግን አይቆምም። ወደ ፊት ተወርውሮ የጋቢናውን ጀርባ ይመታል። እንደዚህ የሞተ ሰው አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በጭነት ላይ ሰው ተቀምጦ ሳይ፣ የማላውቀው መኪና እንኳ ቢሆን፣ አስቁሜ አስወርዳለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ ሾፌር ኤንትሬ ፊያት ይነዳ የነበረ የድሮ ሰው ነው። ቁልቁለት አፍ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያቆማል። እኔ ታኮ አደርጋለሁ፣ እሱ ይወርዳል። ማሰሪያውን አንድ በአንድ ይዞ ይስባል፣ ጎማውን በመዶሻ ይነካል፣ እጁን ወደ ታምቡሩ አስጠግቶ ሙቀቱን ያዳምጣል። ተመልሶ ይገባና የአየር መለኪያውን ያያል። ማርሹን ያስገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚያማትበው። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ሰው እኮ መጀመሪያ ነው የሚያማትበው» አልኩት። «አንተ ልጅ፣ እግዜርን ምን ብዬ ነው የምለምነው? ያላየሁትን ካቦ እሱ እንዲይዝልኝ ነው? አይቼ የጨረስኩትን አስረክበዋለሁ፣ ያላየሁትን ግን በምን ፊቴ?» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ስለ ጸሎት ከዚህ የበለጠ የገባኝ የለም።

የቁልቁለት ሕግ አንድ ነው። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሞተሩ መኪናውን ይይዛል፣ ፍሬን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ይህን ማንም ሾፌር ያውቀዋል። ታዲያ ብዙዎቹ ናፍጣ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አድርገው ይለቁታል። መኪናው ሲቀለው ደስ ይላል፣ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ፍሬን ይረግጣሉ፣ ደግመው ይረግጣሉ። አሥር ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ቢሰበሰብ ወደ 300 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል፤ የፊዚክስ ተማሪ ሒሳቡን ሠርቶ ሊያየው ይችላል። ያ ሁሉ እሳት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሞተሩ ካልተቀበለው የፍሬን ሸራው ይቀበለዋል። ሸራው ይግላል፣ ይጨሳል፤ የሚነድ ሸራ ሽታ አንድ ጊዜ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ቀጥሎ ፔዳሉ እግርህ ሥር እያለ ምንም አይዝም። ፍጥነቱ ከጨመረ ደግሞ ማርሽ ላስገባ ብትል አይገባልህም። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የበጠሰ ነገር የለም። በእግሩ ያቃጠለው ሰው ነው ያለው።

እንግዲህ ይህ ሰው ገደል ሲገባ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ቀኑን የቆረጠው ማን ነው?

እኔ ከመጻሕፍት ሁሉ ኦሪትን በዚህ ነገር የማደንቀው ለገበሬና ለእንጨት ቆራጭ የተጻፈ ስለሚመስለኝ ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ። አንዱ መጥረቢያውን ሲያነሳ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። ጥል አልነበራቸውም። ሕጉ ለዚህ ሰው የሚሸሽበት ከተማ ያዘጋጅለታል፣ ደም መላሽ እንዳያገኘው። በዘፀአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይሞታል፣ ባለቤቱ ነፃ ነው። ነገር ግን በሬው ከትናንት በፊት ጀምሮ የሚዋጋ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ፣ ባለቤቱም በደሙ ይጠየቃል። አርሲ ውስጥ የሚዋጋ በሬ የማያውቅ ልጅ የለም። ገበያ ሲወሰድ ቀንዱን ያሥሩታል፣ ሰው ፊት ፊት እየሄደ «ዞር በሉ» ይላል። እንግዲህ በቁልቁለታችን ላይ ሰው በሞተ ቁጥር መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ መጥረቢያው ነው ወይስ በሬው? ሳይታሰብ የወለቀ ብረት ነው ወይስ እንደሚዋጋ የተነገረለት በሬ?

እኔ ካየኋቸው አደጋዎች የሚበዙት በሬው ናቸው። አንዱን ልናገር። አንድ የማውቀው ሾፌር የመኪናው ፍሬን ወደ አንድ ጎን እንደሚስብ፣ የኋላው ሸራ እንዳለቀ ለባለቤቱ ሲነግር ቆሜ ሰምቻለሁ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለደብሩ የሚሰጥ፣ በድሃ የማይጨክን ሰው ነው። «ይቺን ጭነት አድርስና ጋራዥ እናስገባታለን፣ እግዜር ያውቃል» አለው። ልጁ የሚከፈለው በጉዞ ነው፤ መኪናው ጋራዥ ከገባ የቤቱ ወጪ አብሮ ይቆማል። ሄደ። ከረዳቱ ጋር ነው የቀበርናቸው። ባለቤቱ ድንኳኑ ውስጥ ከልቡ ያለቅስ ነበር፣ «ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ ልጄ ነበር» እያለ። አላስመሰለም፣ አምኖበት ነው። የሚያስፈራኝም ማመኑ ነው። የሚዋጋውን በሬ እግዚአብሔር ላይ አሥሮ ሄደ።

ረዳቴ የነበረው የመራሮ ልጅ ሙስሊም ነበር፣ ከእኔ ይልቅ ሃይማኖቱን የተማረ። ስለዚህ ነገር መንገድ ላይ ብዙ አውርተናል። ሰው ቀደር፣ የአላህ ውሳኔ፣ እያለ ራሱን ሲያታልል እሱም አይወድም። አንድ ሼህ ያስተማሩትን አጫወተኝ። ኸሊፋ ዑመር ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመለሱ። ከባልደረቦቻቸው አንዱ ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸው፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ ነው የምንሸሸው የሚል ነበር። ልጁ ይህን ሲነግረኝ የጭላሎን ጥግ ይዘን ወደ አሰላ እየወረድን ነበር። «ጋሼ፣ ማርሽ መቀነሳችንም ከውሳኔው ውስጥ ነው ማለት ነው» አለ። አዎን፣ ከውስጡ ነው። ሸራው ሲግል መያዙን እንደሚተው የወሰነውም፣ ሞተር መኪና እንዲይዝ ሥርዓቱን የሠራውም እሱ ከሆነ፣ ዜሮ ማርሽ አድርጎ «በእግዜር ፈቃድ» የሚል ሰው የትኛውን ፈቃድ ነው የያዘው? በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ሲራክም፣ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርቧል፣ እጅህን ወደምትወደው ስደድ የሚል ሐሳብ አለው። ጌታችንም በመቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲባል እንቢ ብሏል። ከገደል አፍ ላይ ቆሞ አምላክን የመፈተን ነገር ለእኛ ለሾፌሮች ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ ሊጻፍ አይችልም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ስል የሞተ ሁሉ አጥፍቶ ነው የሞተው የሚል ሰው እንዳይነሳ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ይገድላል። ጌታ ጠያቂዎቹን፣ እነዚያ ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ መልሶ ጠየቃቸውና አይደለም አላቸው። ንጹሕ መጥረቢያም አለ። በደንብ የታየ ጎማ ይፈነዳል። ሌሊት በጣለ ዝናብ የመንገዱ ጠርዝ ይናዳል። ለዚህ ዓይነቱ «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት እውነት ነው፣ ከእውነቱም ውስጥ ምሕረት አለ።

አበበ ቢቂላን አስባለሁ። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ተናገረው ተብሎ የሚጠቀስለት፣ ማሸነፌም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር፣ አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚል ነው። ይህን ለወጣት ሾፌሮች ስነግር «ይኸው፣ አበበም ብሏል» ይሉኛል። ተመልከቱ ግን። አበበ ይህን ያለው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ራሱ አካል ነው። የደረሰበትን ተቀበለ። ሮም ከመሮጡ በፊት እግዚአብሔር ፈቃዱ ከሆነ አሸንፋለሁ ብሎ ቤቱ አልተኛም፣ ሲለማመድ ነው የከረመው። ፈቃድህ ይሁን ማለት ለተቀባዩ የተሰጠ ቃል ነው። በሌላ ሰው ሞት ላይ፣ ከዚያም በላይ ገና ባልሞተ ሰው ላይ ማንም እንዲናገረው አልተሰጠም።

ንጹሕ መጥረቢያ የገጠመው ሰውስ? አንድ ወዳጄ ከአሳሳ መልስ ጭነት ይዞ በ2ኛ ማርሽ ኩርባ ሲዞር፣ ጥጃ የሚያባርር ልጅ ከእርሻ ወጥቶ ጎማው ሥር ገባ። ትራፊኮቹ ለክተው ጥፋት የለበትም አሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 57ም ጥፋት የሌለበት ሰው በድንገተኛ አደጋ አይቀጣም ይላል። ወዳጄ ግን ከቤት አልወጣ አለ። ቁልፉን አስረከበ፣ እህል አልቀምስ አለ። እኛ ሄደን «ምን አደረግህ? ምንም አላደረግህም» ስንለው ይባስ ዝም ይላል።

ያወጣው ሽማግሌ ነው። የአርሲ ኦሮሞ ጉማ በሚለው ሥርዓቱ ነፍስ በስህተት ስትጠፋም ደሙን ዝም ብሎ አያልፈውም። ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ፣ እርቁ እስኪፈጸም ሁለቱ ወገን አይገናኝም፣ ካሳውን ሰውየው ብቻውን አይሸከመውም፣ ወገኑ ተካፍሎ ያዋጣል። እኛ ሾፌሮችም አዋጣን። በእርቁ ቀን የልጁ አባት ወዳጄን ቀና ብሎ አይቶ በኦሮምኛ የተናገረውን አልረሳም። «ልጄን አንተ አልገደልከውም። በአንተ እጅ ነው ግን የሞተው፣ ስለዚህ ከእኔ ጋር ልታለቅስ ይገባሃል» አለው። ወዳጄ ያን ቀን ነው ያለቀሰው። ቆይቶም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህን ለልጄ አጫወትኳት፣ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምራለች። ሳቅ ብላ፣ «አባዬ፣ እናንተ በሽማግሌ የጨረሳችሁትን እነሱ መጽሐፍ ጽፈውበታል» አለችኝና ነገረችኝ። በርናርድ ዊልያምስ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ የጭነት መኪና ሾፌር ያነሳል፣ ያለ ጥፋቱ ሕፃን የገጨ። ሰው ሁሉ አንተ አላጠፋህም እያለ ያጽናናዋል፣ ማጽናናቱም ተገቢ ነው፤ ሾፌሩ ግን ቶሎ ብሎ «እውነት ነው፣ አላጠፋሁም» ብሎ ቀለል ቢለው ሁላችንም እንጠራጠረዋለን ይላል። ከተመልካች የተለየ ኀዘን አለው፣ ሊኖረውም ይገባል። ኦሪትም መጥረቢያው የወለቀበትን ሰው ንጹሕ ነህና ቤትህ ግባ አላለውም። በዘኍልቍ እንደተጻፈው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በመማጸኛው ከተማ ይቀመጣል። የልጁ አባት ይህን ማንም ሳያነብለት አውቆታል። «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን ወዳጄን ልናስነሳው ስንታገል፣ ያስፈልገው የነበረው ኀዘኑን የሚቀበልለት ሰው ነበር።

ልጄ የነገረችኝ ሌላውም ነገር ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል። በዚያው ዓመት ቶማስ ኔግል የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ ሌላ ሾፌር ያነሳል፣ ፍሬኑን በጊዜው ያላስመረመረ። ልጅ መንገድ ላይ ከገባበት ይገድለዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ይከሳል። ልጅ ካልገባበት ግን ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል። ቸልተኝነቱ በሁለቱም ያው ነው። ልዩነቱ ልጁ በዚያች ደቂቃ መምጣቱና አለመምጣቱ ነው፣ እሱም በሾፌሩ እጅ የለም። ታዲያ እንዴት አንዱ ነፍሰ ገዳይ፣ ሌላው ጨዋ ሰው ይባላል?

ፈላስፋው ጥያቄውን አንስቶ መፍትሔ አላበጀለትም አለችኝ። እኔ ግን ለአማኝ ሰው መልሱ ግልጽ ይመስለኛል፣ ከባድ ቢሆንም። ሕግ የሚያየው የደረሰውን ነው። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ለገደለ ቅጣት ያስቀምጣል፤ ግልጽ ደንብ ጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርስበታል። ዳኛ ከዚህ በላይ ማየት አይችልም፣ ያልሞተ ሰው ክስ አያቀርብም። እግዚአብሔር ግን የደረሰውን ብቻ አያይም ብለን እናምናለን፣ ልብንና እጅን ያያል። እንግዲያው ያለቀ ሸራ ይዞ፣ ዜሮ ማርሽ አድርጎ፣ ረዳቱን ጭነት ላይ አስቀምጦ አዳማ በሰላም የገባው ሾፌር በእሱ ፊት ከገደለው ሾፌር በምን ይሻላል? በሰላም መግባቱ አልመሰከረለትም። ለሌላው ሰው ሕይወት የተደረገ ምሕረት ነው፣ ለእሱ ንጽሕና የተሰጠ ምስክር አይደለም። እኛ ግን በየምሽቱ «ይኸው ገባሁ፣ ማርያም ትመስገን» ብለን ያንኑ ጥፋት ለነገ እናሳድረዋለን። ቁልቢ ገብርኤል ስለት እናስገባለን። ስለቱን አልነቅፍም፣ እኔም አስገብቻለሁ። የስለቱ ገንዘብ ግን ከፍሬን ሸራው ላይ የተረፈ ከሆነ ገብርኤል የሚቀበለው አይመስለኝም።

ነገሩን ሾፌሩ ላይ ብቻ ጥዬ ብሄድ ደግሞ በደልኩ። ጭነቱን ከልክ በላይ ያስጫነበት ነጋዴ አለ፣ እርጥቡን እንጨት ዛሬውኑ ካላደረስክ የሚል። በጉዞ የሚከፍል ባለቤት አለ። ኬላ ላይ የጭነቱን ወረቀት አይቶ ጎማውን ሳያይ የሚያሳልፍ አለ። አዲስ አበባ ላይ አጠናው በርካሽ እንዲደርስለት የሚፈልግ ተቋራጭ አለ። በሬው የሚዋጋ መሆኑ ለእነዚህ ሁሉ ተነግሯቸዋል። የኦሪቱ ሕግ ባለቤቱን ሲጠይቅ በሬውን የያዘውን እረኛ ብቻ ይዞ አልቀረም። እኛ ጋ ግን ከሞት የተረፈ ሾፌር ካለ ታስሮ የሚወሰደው እሱ ነው፤ የሞተ እንደሆነ ደግሞ ጥያቄው ከእሱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ በየለቅሶው የምታስተምሩ ቄሶችና ሼሆች፣ የሟች እናት ፊት ከሆናችሁ ቀኑ ደርሶ ነው በሉ፣ ማንም አይቃወማችሁም። ከድንኳኑ ስትወጡ ግን ባለቤቱን ወደ ጎን ጠርታችሁ የዚያ መኪና ፍሬን መቼ እንደታየ ጠይቁት፣ ሌሎቹን መኪኖቹን ጋራዥ ሳያስገባ ቁርባኑንም ምጽዋቱንም አትቀበሉት። ከሙኔሳ ጥድ፣ ከበቆጂ አጠና ጭናችሁ ለምትወርዱ ልጆች ደግሞ የምለው አጭር ነው። ዳገት በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ሳጉሬ ላይ ቆማችሁ ማሰሪያችሁን እንደገና አጥብቁ፣ ጭነት ላይ ሰው አታስቀምጡ። ባለቤቱ ፍሬኑን አላሠራም ካላችሁ፣ እግዜር ያውቃል ቢላችሁም፣ ቁልፉን መልሱለት።